ከተዘጋ በኋላም ማዕድን ሆኖ የቀረ ጉድጓድ፦ የዌልሱ ቢግ ፒት ከወሎ ሲታይ

በደቡብ ዌልስ ብላናቮን ከተማ አጠገብ የሚገኘው ቢግ ፒት የተባለው የድንጋይ ከሰል ማውጫ ሥራውን ያቆመው ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1980 ነው። (የዌልስና የእንግሊዝ ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆን የሀገራችን ዘመናት ዓ.ም. የሚል ምልክት አላቸው።) ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1983፣ ያው ጉድጓድ በያው ሊፍት ጎብኚዎችን ማውረድ ጀመረ፤ ዛሬም 90 ሜትር ያህል ወደ ምድር ውስጥ ያወርዳቸዋል። በአካባቢው በመቶ የሚቆጠሩ ጉድጓዶች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ተሞልተው፣ ማማቸው ፈርሶ፣ ላያቸው ሣር ለብሶ ቀርቷል። ይህ አንዱ እንዴት ተረፈ የሚለው ጥያቄ ነው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ።

ጥያቄው ለወሎ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። ውጫሌ ሲባል አብዛኞቻችን ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በይስማ ንጉሥ የተፈረመውን ውልና 17ኛውን አንቀጽ እናስታውሳለን፤ የሥነ ምድር ባለሙያዎች ግን ይህንኑ ስም ከጭልጋ፣ ከያዩና ከደልቢ ሞዬ ጋር የድንጋይ ከሰል ካለባቸው ቦታዎች ተርታ ያስቀምጡታል። የሲሚንቶ ፋብሪካዎች የሀገር ውስጥ ከሰል በሚፈልጉበት በዚህ ዘመን ሁሉም የሚያወራው ስለ መጀመሩ ነው፤ ማዕድን ሲያልቅ ምን እንደሚተርፍ የሚያነሳ ሰው ብዙ አይገኝም። የቢግ ፒት ታሪክ ደግሞ ለውጥ ያመጣው ውሳኔ የተወሰነው መጨረሻው ላይ ሳይሆን ከመጨረሻው በፊት እንደነበር ያሳያል።

ጉድጓዱና ከተማው

ብላናቮን በከሰል አልተመሠረተችም፤ በብረት ነው። በ1789 ሥራ የጀመረው የብረት ማቅለጫ ለምድጃው ከሰል፣ የብረት ማዕድንና የኖራ ድንጋይ ያስፈልገው ነበር፤ ሦስቱም በዚያው ተራራ ላይ ተገኙ። በተራራው ጎን በጥቃቅን ዋሻዎች የተጀመረው ቁፋሮ እየጠለቀ ሄዶ በ1860 ገደማ ዋናው ጉድጓድ ተቆፈረ፤ በ1880 ደግሞ አሁን ወዳለበት ጥልቀት እንዲደርስ ተደረገ። አፉ ክብ ሳይሆን ሞላላ ሲሆን ስፋቱ 5 ሜትር ተኩል በ4 ሜትር ያህል ነው። ሁለት ጋሪዎች ጎን ለጎን ሊወጡና ሊወርዱበት የሚችል በመሆኑ ነው «ትልቁ ጉድጓድ» የተባለው።

በ1908 ኤሌክትሪክ ገብቶ የአየር መሳቢያው፣ የውሃ ፓምፑና የጋሪ መጎተቻው በኤሌክትሪክ መሥራት ጀመሩ፤ ለዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በ1923 የሠራተኛው ቁጥር 1,399 ደረሰ። በዚያው ዘመን የከተማዋ ነዋሪ ከ12,000 በላይ ነበር፤ ዛሬ ከ6,000 ብዙም አይርቅም፤ ግማሹ ሕዝብ ሥራውን ተከትሎ ሄዷል ማለት ነው። በ1947 የብሪታንያ የከሰል ማውጫዎች በሙሉ የመንግሥት ሲሆኑ ቢግ ፒትም አብሮ ገባ። በ1970 የቀሩት 494 ሠራተኞች ብቻ ሲሆኑ የሚቆፍሩትም ጋሩ የተባለውን አንድ የከሰል ንጣፍ ነበር። የዚህ ንጣፍ ውፍረት ከ76 ሴንቲሜትር አይበልጥም። ሰው በዚያ ከፍታ ቆሞ ቀርቶ ተንበርክኮም መሥራት አይችልም፤ በጎኑ ተኝቶ ነው የሚቆፍረው። ከሰሉ ለአውጪው ወጪውን መመለስ ሲያቅተው መዘጋቱ የማይቀር ሆነ።

መታጠቢያ ቤቱ

ለሙዚየሙ መትረፍ ትልቅ ድርሻ ያለው፣ ነገር ግን ስለ ማዕድን ሲወራ ብዙ ጊዜ የማይነሳ ሕንጻ ላይ ትንሽ መቆየት ተገቢ ይመስለኛል። በ1939 የተከፈተው የሠራተኞች መታጠቢያ ቤት ነው።

ከዚያ በፊት የከሰል ሠራተኛ ፈረቃውን ሲጨርስ ጥቁር እንደ ሆነ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ውሃ ቀድታ፣ በምድጃ ላይ አሙቃ፣ ከእሳቱ ፊት በተቀመጠ የቆርቆሮ ገንዳ ውስጥ የምትጨምረው ሚስት ወይም እናት ነች። ባልና ሁለት ወንዶች ልጆች በተለያየ ፈረቃ የሚሠሩበት ቤት ከሆነ ይህ ሥራ በቀን ሦስት ጊዜ ይደገማል፤ ልብሱን ማራገፍ፣ ማድረቅ፣ ከሰል የነካውን ወለል እንደገና ማጠብ ደግሞ በላዩ አለ። እንስራ በጀርባዋ አዝላ ዳገት የወጣች የወሎ ሴት ይህን ለመረዳት አስረጂ አያስፈልጋትም። ወንዱ ከምድር በታች ለሚያወጣው ከሰል ከምድር በላይ የሚከፈል የሴት ጉልበት ነበር፤ በማንም የሒሳብ መዝገብ ግን አልሰፈረም።

መታጠቢያ ቤቶቹ የተሠሩት በ1920 በወጣ ሕግ ከሚወጣው እያንዳንዱ ቶን ከሰል ላይ አንድ ፔኒ ለሠራተኞች ደኅንነት እንዲቀመጥ በመደረጉ ነው። አሠራሩ ቀላልና ብልህ ነበር። ሠራተኛው በአንድ በኩል ገብቶ የንጹሕ ልብሱን በንጹሑ ክፍል ቁም ሣጥን ያስቀምጣል፤ ከዚያ ወደ ሌላው ክፍል ተሻግሮ የሥራ ልብሱን ይለብሳል። ሲመለስ መንገዱ በተቃራኒው ሆኖ መሀል ላይ ሻወሩ ያገኘዋል። በቁም ሣጥኖቹ ውስጥ ሞቅ ያለ አየር ስለሚነፍስ በላብና በውሃ የራሰው ልብስ ለማግሥቱ ደርቆ ይጠብቃል። ዛሬ ሕንጻው ከነቁም ሣጥኖቹ አለ፤ የሠራተኞቹ ሕይወት የሚተረክበት ዐውደ ርዕይም በውስጡ ነው። ለእኔ የሙዚየሙ ብልህነት ከማማውና ከማሽኑ እኩል ሳሙናና ፎጣ የተቀመጠበትን ቦታ ማቆየቱ ላይ ነው፤ ማማ የመሐንዲሱን ሥራ ሲያሳይ መታጠቢያ ቤት ግን የቤተሰቡን ኑሮ ያሳያል።

አንድ ፓውንድ

ቢግ ፒት እንደሚዘጋ ሲታወቅ የከሰል ቦርዱ፣ የዌልስ ብሔራዊ ሙዚየም፣ የአካባቢው ምክር ቤትና የዌልስ ቱሪዝም ቦርድ አንድ ኮሚቴ አቋቁመው ነበር። ምክር ቤቱ ቦታውን በአንድ ፓውንድ ገዝቶ ለዚሁ ዓላማ ለተቋቋመ የበጎ አድራጎት ድርጅት አስተዳደሩን አስተላለፈ። ዋጋው ሲሰማ ስጦታ ይመስላል። ገዢው ግን አብሮ የገዛው ነገር አለ፦ ዘወትር የሚታይ የጉድጓድ ግድግዳ፣ ዘወትር የሚነፍስ አየር፣ ዘወትር የሚመረመር የሊፍት ገመድ። ማዕድን ማውጫ እንደ ቤተ መንግሥት ቁልፍ ተደርጎበት በጥበቃ የሚቆይ ነገር አይደለም፤ አየሩ ከቆመ ጋዝ ይሞላዋል፣ ውሃው ካልተቆጣጠሩት ይወርሰዋል፣ ጣሪያውን የደገፈው እንጨትም ይበሰብሳል።

የዚህን ክብደት ለማየት በእንግሊዝ ስቶክ ኦን ትሬንት አጠገብ የነበረውን ቻተርሊ ዊትፊልድን ማንሳት ይበቃል። እርሱም በ1977 ተዘግቶ በ1979 ሙዚየም ሆነ፤ ጎብኚዎችም ወደ ምድር ይወርዱ ነበር። ይሁን እንጂ የውስጡ መተላለፊያዎች ደኅንነት የተመካው ዎልስታንተን በተባለው ጎረቤት ማዕድን ላይ ነበር። ዎልስታንተን በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲዘጋና ፓምፖቹ ሲቆሙ የቻተርሊ እውነተኛ ዋሻዎች ለጎብኚ የማይሆኑ ሆኑ። ሙዚየሙ ከመሬት ብዙም ባልራቀ ቦታ ዋሻ የሚመስል ነገር ሠርቶ ለመቀጠል ቢሞክርም በ1993 ተዘጋ። በአንድ ዐሥርት ዓመታት ውስጥ፣ በአንድ ሀገር፣ በአንድ ዓይነት ሐሳብ ከተነሡት ሁለቱ አንዱ ቆመ፤ ሌላው ወደቀ። ልዩነቱ በፍቅርና በቁጭት የሚለካ አይደለም፤ የቻተርሊ ሰዎችም ቅርሳቸውን ይወዱ ነበር። የማይቆጣጠሩት ጎረቤት ፓምፕ ላይ የተመሠረተ ቅርስ ግን በጎረቤቱ ቀን ይዘጋል።

በጀርመን ኤሰን የሚገኘው ዞልፌራይን መፍትሔው ሌላ ነበር። ማውጫው በ1986 ተዘግቶ በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር የተጠበቀው ከመሬት በላይ ያለው ሕንጻ ነው፤ ጎብኚ ወደ ታች አይወርድም። ሆኖም በዚያም ቢሆን የምድሩን ውሃ የሚስቡ ፓምፖች መሥራታቸውን አላቆሙም፤ በከሰል ቁፋሮ ምክንያት የሰጠመው፣ ኤሰን የምትገኝበት የሩር ምድር ውሃው ካልተሳበለት ይተኛበታልና። የማዕድን ወጪ ማዕድኑ ሲያልቅ አብሮ አያልቅም።

የመታደጉን ነገር ያከበደ ሌላም ምክንያት ነበር። ኦክቶበር 21 ቀን 1966 በአበርፋን መንደር ከማዕድን የወጣ የአፈርና የድንጋይ ክምር በዝናብ ተንዶ በትምህርት ቤት ላይ በመውደቁ 144 ሰዎች ሞቱ፤ 116ቱ ሕፃናት ነበሩ። ከዚያ በኋላ የዌልስ አስተዳደር የማዕድን ክምሮችን ማንሳትና የተበላሸውን መሬት ማስተካከል በትልቅ ዘመቻ ያዘው፤ ተገቢም ነበር። ነገር ግን ዘመቻው አደገኛውን ክምር ብቻ ለይቶ የሚያነሳ አልነበረም። ማማውም፣ የሞተር ቤቱም፣ የሐዲዱ ጎዳናም አብሮ ተጠረገ፤ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሸለቆዎቹ አረንጓዴ ሲሆኑ በውስጣቸው የተሠራው ሥራ ምልክት አጣ። ሐዘን ያለበትን ነገር ማየት የማይፈልግ ሕዝብ ይህን ቢፈልግ አይፈረድበትም። ቢግ ፒት የተረፈው ዘመቻው ከመድረሱ በፊት የባለቤትነት ወረቀቱ የተለወጠለት በመሆኑ ነው።

ወደ ታች

ለጎብኚው መንገዱ የሚጀምረው በመስጠት ነው። ክብሪት፣ ላይተር፣ ሲጋራ፣ ስልክ፣ ባትሪ ያለው የእጅ ሰዓትና የመኪና ቁልፍ ሳይቀር ከመውረዱ በፊት ያስረክባል። ምክንያቱ ሥርዓት ማሳየት አይደለም። ከሰል ባለበት ምድር ሚቴን ጋዝ ይኖራል፤ ብልጭታ ያለው ነገር ወደ ውስጥ እንዳይገባ ሕጉ ያዛል፤ ቢግ ፒት ደግሞ ከሰል ባይወጣበትም በማዕድን ተቆጣጣሪዎች ሥር ያለ ማዕድን ነው። ከዚያ ሄልሜት፣ የራስ መብራት ከነባትሪው፣ መርዛማ ጋዝ ቢከሰት የሚተነፈስበት መሣሪያ በወገቡ ይታጠቃል፤ ዕቃው በጠቅላላው 5 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ያነሰ ሕፃን አይወርድም፤ ቀበቶውና ሄልሜቱ አይገጥመውምና።

የሚያወርዱት አስጎብኚዎች ራሳቸው የማዕድን ሠራተኛ የነበሩ ናቸው። ተጠንቶ የሚነበብ ጽሑፍ የላቸውም፤ በሰባ ሴንቲሜትር ንጣፍ ውስጥ ስምንት ሰዓት የተኛ ሰው የሚያወራውን ነው የሚያወሩት፤ አብሮም የሳምባ በሽታን፣ የወዳጆቻቸውን ሞትና የ1984ና 85ን የሥራ ማቆም አድማ ያነሳሉ። ከጉብኝቱ መካከል አንድ ቦታ ላይ ሁሉም መብራቱን እንዲያጠፋ ይጠየቃል። ጨለማው ዓይን የሚለምደው ዓይነት አይደለም፤ የራስ እጅ ከአፍንጫ ፊት ቢቀርብ አይታይም። አስጎብኚው በዚያ ጨለማ ውስጥ የሚያነሳው በር ከፋች የነበሩ ሕፃናትን ታሪክ ነው፤ አየሩ በትክክለኛው መንገድ እንዲሄድ የሚያደርጉትን የእንጨት በሮች ጋሪ ሲመጣ እየከፈቱ ሲያልፍ እየዘጉ ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ይቀመጡ ነበር። ሴቶችና ከ10 ዓመት በታች ያሉ ወንዶች ልጆች ከምድር በታች እንዳይሠሩ የከለከለው ሕግ በ1842 ነው የወጣው። የፈረሶቹ በረትም አለ፤ ጋሪ የሚጎትቱት ፈረሶች በጉድጓዱ ውስጥ ይኖሩ ስለነበር ስማቸው ከየጋጣቸው በላይ ተጽፎ ይታያል።

ስለ ሕግ ካነሳን ጎብኚው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። በ1862 በሰሜን እንግሊዝ ሃርትሊ በተባለ ማዕድን የሞተሩ ትልቅ የብረት ክንድ ተሰብሮ በብቸኛው ጉድጓድ ውስጥ ወደቀና መውጫውን ዘጋ፤ 204 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ማንኛውም የከሰል ማውጫ ሁለት መውጫ እንዲኖረው አስገደደ። ስለዚህ ሙዚየሙ ጎብኚ ለማውረድ አንድ ጉድጓድ ብቻ ጠብቆ ማቆየት አልበቃውም፤ በሌላ በኩል የሚወጣበትንም መንገድ ጭምር መጠበቅ ነበረበት። ቅርስ ጥበቃ ብለን የምንጠራው ሥራ እዚህ ላይ ከአደጋ መከላከል ጋር አንድ ሆኖ ይገኛል።

ገንዘቡ፣ ስሙ፣ ከተማው

የበጎ አድራጎት ድርጅቱ የመግቢያ ትኬት ገንዘብ ብቻውን ጉድጓዱን ሊያቆም እንደማይችል ጊዜ አሳየ። በ2000 የብላናቮን የኢንዱስትሪ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ መዝገብ ሰፈረ፤ ምዝገባው ጉድጓዱን ብቻ ሳይሆን የብረት ማቅለጫውን፣ የድንጋይ ካባዎቹን፣ የሐዲድ መስመሮቹንና የሠራተኞቹን ቤቶች ጨምሮ ወደ 33 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚደርስ ቦታ ያቀፈ ነው። በ2001 ቢግ ፒት ወደ ዌልስ ብሔራዊ ሙዚየም ገባ፤ መግቢያውም ነጻ ሆነ። ከዚያ በኋላ በተደረገለት ሰፊ እድሳት የተነሳ በ2005 የጉልቤንኪያን የሙዚየም ሽልማትን፣ 100,000 ፓውንድ፣ አገኘ። ከበጎ አድራጎት ድርጅቱ ወደ ብሔራዊ ሙዚየሙ የተደረገው ይህ ዝውውር ባይኖር ኖሮ የቻተርሊ ዕጣ ይደርስበት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሙዚየሙ ከተማዋን መልሶ አበለጸጋት ማለት ግን ማጋነን ነው። ሙዚየም 1,399 ሰው አይቀጥርም። ጎብኚው ወደ ጉድጓዱ መጥቶ ከተማዋን ሳያይ ሊመለስ ይችላል፤ በ2003 ብላናቮንን የመጻሕፍት መደብሮች ከተማ ለማድረግ የተጀመረው ሙከራም ብዙ አልዘለቀም። ከዚህ የበለጠው ችግር የሰው ነው። የዌልስ የመጨረሻው ትልቅ ጥልቅ ማዕድን፣ ሠራተኞቹ በ1995 እያንዳንዳቸው 8,000 ፓውንድ አዋጥተው የገዙት ታወር፣ በ2008 ተዘጋ፤ የብሪታንያ የመጨረሻው ጥልቅ ማዕድን በ2015፣ የመጨረሻው የከሰል ኤሌክትሪክ ማመንጫ ደግሞ በ2024። ከሰል ቆፍሮ የሚያውቅ ሰው እየጠፋ ሲሄድ ቢግ ፒት ያለው ሀብት፣ ማለትም የሚያወራው ሰው፣ እያረጀ ነው። ማሽን ዘይት ተቀብቶ ይቆያል፤ ሰው ግን ያወቀውን ለሌላ ካላስተላለፈ ይዞት ይሄዳል።

ከወሎ ሲታይ

ወሎ ውስጥ ቅርስ ሲባል ላሊበላ ይቀድማል፤ በ1970 ዓ.ም. ከዓለም የመጀመሪያዎቹ የዩኔስኮ ቅርሶች አንዱ ሆኖ የተመዘገበ ነውና። ላሊበላን ከቢግ ፒት ጋር የሚያገናኘው ነገር አለቱ መፈልፈሉ አይመስለኝም፤ ሁለቱም በሥርዓታቸው መቆየታቸው ነው። ላሊበላ ማኅሌት የሚቆምበት ቤተ ክርስቲያን እንጂ ትኬት የሚቆረጥበት ዋሻ ብቻ አይደለም፤ ቢግ ፒትም ተቆጣጣሪ የሚገባበት ማዕድን እንጂ የማዕድን ምስል ብቻ አይደለም። ቅርሱን ያቆየው ባለቤቱ እንደ ልማዱ መጠቀሙ ነው።

በኢንዱስትሪው በኩል ግን ወሎ የምናቆየው ምን እንደሆነ ገና አልወሰንም። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ከሆነች ትውልድ አልፏል፤ የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች ሲቀየሩ ወዴት እንደሚሄዱ የሚጠይቅ ሰው ግን አላውቅም፤ አብዛኛውን ጊዜ ቁራሌው ይቀድማል። ዕቃ ሰብስቦ ማስቀመጥ ብቻውን እንደማይበቃም በደሴ አይተናል፤ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ የጠፋው ዕቃ ብቻ አልነበረም። በቦታው የቆመን ጉድጓድ ማንም ጭኖ አይሄድም፤ ከዚህ አንጻር በቦታው የሚጠበቅ ቅርስ የራሱ ጥቅም አለው።

ሕጎቻችንን ስናይ ሁለት መንገዶች ይታያሉ፤ እርስ በርሳቸው ግን አይነጋገሩም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ስለ ታሪካዊ ቦታዎችና ዕቃዎች ይናገራል። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ደግሞ የማዕድን ሥራን ይገዛል፤ ባለፈቃዱ የቆፈረውን አካባቢ መልሶ እንዲያስተካክል ይጠብቅበታል። ይህ ግዴታ በጎ ነው፤ ከአበርፋን በኋላ በዌልስ የሆነው ግን ያስጠነቅቃል። ጉድጓዱን ሙላ፣ ተራራውን አስተካክል፣ ዛፍ ትከል የሚለው ትእዛዝ ብቻውን ከተፈጸመ የሥራው ምልክት አብሮ ይቀበራል። የመዝጊያ ዕቅድ ሲዘጋጅ «ከዚህ የሚቆየው የትኛው ነው?» የምትል አንዲት ጥያቄ በቅጹ ላይ ብትገባ የሚያስወጣው ገንዘብ የለም። ውጫሌ ላይ ለምሳሌ ማንም በሰፊው ቢቆፍር ሲጨርስ አንዱን የዋሻ አፍ፣ አንዱን ጋሪ፣ አንዱን የሠራተኛ ማረፊያ ትቶ ሌላውን ቢሞላ፣ የውሉን ታሪክ ለማየት ይስማ ንጉሥ የሚመጣ እንግዳ ሁለተኛ የሚያየው ነገር ያገኛል። ሁሉንም እናቆይ የሚል ሐሳብ ግን አልደግፍም፤ ቢግ ፒት ራሱ የቆየው ከብዙ መቶ አንዱ ሆኖ ነው፤ ለአንዱም ገንዘቡ የተገኘው በመከራ ነው።

ከሁሉ በላይ አስቸኳይ የሚመስለኝ ግን ሙዚየምም አይደለም። ደላንታ ወገል ጤና ላይ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ኦፓል የተባለውን የከበረ ድንጋይ የሚቆፍሩ ወጣቶች የሚሠሩት በገደሉ ወገብ ላይ ያለችውን ስስ ንጣፍ ተከትለው በእጃቸው በሚፈለፍሉት ዋሻ ውስጥ ነው። የሚገቡበት መንገድ የሚወጡበትም ነው፤ የሃርትሊ ሕግ የከለከለው ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. እዚያው ደላንታ ውስጥ ዋሻ ተደርምሶ ወጣቶች ከውስጥ ሲቀሩ መላው አካባቢ ተጨንቆ ነበር። አንድ ዋሻ ድንጋዩ ሲያልቅበት ይተዋል፤ ሌላ ማኅበር ከጎኑ ይጀምራል። የድሮው ዋሻ የት ድረስ እንደ ሄደ፣ በየት ታጥፎ የማን ሥር እንደ ገባ፣ ውሃ ይዞ እንደሆነ የሚያውቀው የቆፈረው ልጅ ብቻ ነው፤ እርሱ ወደ ደሴ ወይም ወደ ዓረብ ሀገር ሲሄድ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል።

ብሪታንያ ይህን በሕግ የያዘችው በ1872 ነው፤ ማንኛውም የከሰል ማውጫ ሲተው የመጨረሻው ካርታ ለመንግሥት እንዲገባ ታዘዘ። ሕጉ ኖሮም ቢሆን አደጋ አልቀረም። ሴፕቴምበር 15 ቀን 2011 በደቡብ ዌልስ ግሌይሽን በተባለ ትንሽ የግል ማዕድን ቆፋሪዎች በውሃ የተሞላ አሮጌ ዋሻ ነክተው አራቱ ሞተዋል። ቢሆንም የዚያ ሕግ ካርታዎች ናቸው ዛሬ ቤት የሚሠራውንም፣ ሙዚየም የሚያቆመውንም፣ ታሪክ የሚጽፈውንም የሚያገለግሉት። በደላንታ ይህን ለመጀመር መሐንዲስ መጠበቅ አያስፈልግም። ማኅበሩ ፈቃዱን ሲመልስ ወይም ዋሻውን ሲተው፣ አፉ ያለበትን ቦታ፣ ርዝመቱን በሜትርና ማጠፊያዎቹን በእጅ ሥሎ፣ የቆፋሪዎቹን ስም ከጀርባው ጽፎ ለወረዳው ማዕድን ጽሕፈት ቤት ቢያስገባ፣ ጽሕፈት ቤቱም አንዱን ቅጂ በፋይል ይዞ ሌላውን ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ቢልክ ይበቃል። ወረቀቱ በመጀመሪያ ከጎን ለሚቆፍረው ልጅ ደኅንነት ነው፤ ሙዚየም የሚፈልግ ትውልድ ከመጣ ደግሞ የሚጀምረው ከዚያ ፋይል ይሆናል።